ካንሰር በአንድ ሌሊት አይመጣም፦ የማህፀን በር ካንሰርን ይዘን ነገሩን ከስሩ እንየው

"ትናንት እኮ ደህና ነበረች፣ ድንገት ካንሰር ነው አሏት።" ለቅሶ ቤት ቁጭ ስንል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይሄን ነው፣ የሚሉትም ከልባቸው ነው ምክንያቱም ቤተሰቡ ያወቀው ድንገት ነው። ሰውነቷ ውስጥ የሆነው ግን ድንገት አልነበረም። አብዛኛው ካንሰር እስኪታወቅ ድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፣ አንዳንዱማ አስራ አምስት ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ሲሰራ ይከርማል። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገውም ይሄንኑ ነው፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን እንደሚሆንና ሰው የት ላይ ገብቶ ሊያስቆመው እንደሚችል። ለዚህ ደግሞ ከማህፀን በር ካንሰር (የማህፀን ጫፍ ካንሰርም ይሉታል) የተሻለ ምሳሌ የለም፣ መነሻው ይታወቃል፣ መንገዱ ይታወቃል፣ መከላከያው ይታወቃል፣ እንዲያም ሆኖ ሀገራችን ውስጥ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዙበታል ከ5 ሺህ በላይ ደግሞ ይሞቱበታል ተብሎ ይገመታል። በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው እሱ ነው።

መጀመሪያ ካንሰር ራሱ ምንድነው የሚለውን እንይ። ሰውነታችን ከ30 ትሪሊዮን በላይ ሴሎች አሉት፣ ያረጀው ይሞታል አዲስ ይተካል፣ ቆዳ ላይ፣ አንጀት ውስጥ፣ ደም ውስጥ ይሄ ስራ ለደቂቃ አይቆምም። አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ መገልበጥ አለበት፣ ዲኤንኤው ደግሞ ከእናት በኩል 3 ቢሊዮን ገደማ ከአባት በኩልም እንደዚያው የሚሆን ፊደል ያለው መመሪያ ነው። ይሄን ሁሉ ሲገለብጥ ስህተት መፈጠሩ አይቀርም። ሲጋራ፣ ጨረር፣ አንዳንድ ቫይረሶችና ኬሚካሎች ደግሞ ስህተቱን ያበዙታል። ደግነቱ ሴሉ የራሱን ስህተት የሚያርምበት መንገድ አለው፣ ማረም ካቃተው ደግሞ ራሱን ያጠፋል። አዎ፣ ራሱን ያጠፋል፣ ይሄ በየቀኑ እኔም እናንተም ውስጥ የሚሆን ነገር ነው እና ጤነኛ ያደረገን አንዱ ነገር ይሄ ነው።

ዲኤንኤ ላይ ካሉት ጂኖች አንዳንዶቹ ሴሉን "ተከፈል" የሚሉ ናቸው፣ አንዳንዶቹ "በቃ ቁም" የሚሉ ናቸው፣ ሌሎቹ የተበላሸውን የሚጠግኑ ናቸው። ከሚያስቆሙት ውስጥ በጣም የታወቀው ፒ53 የሚባለው ነው፣ የግቢ ዘበኛ በሉት፣ ዲኤንኤው ተጎድቶ ሲያየው ሴሉ እንዳይከፈል በሩ ላይ ያስቆመዋል፣ እስኪጠገን ይጠብቃል፣ ካልተጠገነ እንዲሞት ያደርገዋል። ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች በግማሽ ገደማው ላይ ይሄ ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ታዲያ ልብ በሉ፣ አንድ ስህተት ብቻውን ካንሰር አያመጣም። "ተከፈል" የሚለው ሳያቋርጥ ማዘዝ አለበት፣ "ቁም" የሚለው መጥፋት አለበት፣ ጥገናው መዳከም አለበት፣ ሴሉ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ ማምለጥና ለራሱ የደም ስር መሳብ አለበት። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው አንድ ሴል ላይ እስኪገጥሙ ዓመታት ያልፋሉ፣ ካንሰር በእድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስገባ፣ ብዙ እህቶች በከንቱ ሲሰቃዩበት ስለማይ ነው። እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ማዮማ ለምሳሌ ማህፀን ላይ የሚያድግ እጢ ነው ግን ካንሰር አይደለም፣ ሊያስቸግር ይችላል፣ ደም ሊያበዛ ይችላል፣ ግን ቦታውን ለቆ ሌላ አካል ላይ አይዘራም። ካንሰርን ካንሰር የሚያደርገው ድንበር መጣሱ ነው፣ አጠገቡ ያለውን ስጋ ዘልቆ ይገባል፣ ከዚያ በደም ስር ወይም ንፍፊት ባለበት መስመር ተጉዞ ሌላ ቦታ ይተክላል። እና ሌላ ቦታ ቢተክልም ስሙ የመነሻው ነው፣ ጡት ላይ ጀምሮ ጉበት ላይ የተገኘ ካንሰር የጡት ካንሰር ነው እንጂ የጉበት አይባልም፣ መድሃኒቱም የሚመረጠው በመነሻው ነው። ሐኪም "መነሻው የት እንደሆነ እንወቅ" ብሎ ምርመራ ሲያበዛ ገንዘብ ሊበላ ነው ብላችሁ አትቆጡ፣ ያለዚያ ምን እንደሚያክም አያውቅም።

ዓይነቶቹን ቶሎ ልንገራችሁና ወደ ዋናው ልመለስ። ቆዳንና የውስጥ አካላትን ከሚሸፍኑ ሴሎች የሚነሳው ካርሲኖማ ይባላል፣ አብዛኛው የአዋቂ ሰው ካንሰር ይሄ ነው፣ ጡት፣ ሳንባ፣ አንጀት፣ ፕሮስቴት፣ የማህፀን በር ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ የሚነሳው ሳርኮማ ነው፣ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ደም ከሚሰራበት መቅኔ የሚነሳው ሉኬሚያ፣ ከንፍፊት የሚነሳው ሊምፎማ ነው፣ እነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣ እጢ ስለሌለ ዋናው ህክምና መድሃኒት ነው። ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ሉኬሚያ ነው፣ እና ይሄን ብዙ ወላጅ አያውቅም፣ በደንብ ህክምና ባለበት ሀገር ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ100 ከ80 በላዩ ይድናሉ። ስለዚህ "ካንሰር" የሚለው አንድ ቃል ስር የተሰበሰቡት ከመቶ በላይ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ የአንዱ መድሃኒት ለሌላው አይሆንም፣ የአንዱ ታማሚ መጨረሻም የሌላውን አይናገርም። የጎረቤት አክስት በጉበት ካንሰር ሞተች ተብሎ የማህፀን በር ላይ ቅድመ ካንሰር የተገኘባት ሴት ተስፋ ቆርጣ ቤቷ መቀመጥ የለባትም።

እሺ የማህፀን በር። ማህፀን ታች ጠበብ ብሎ ከብልት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ሴሎች ይገናኛሉ፣ የውጪውና የውስጠኛው፣ መገናኛው ላይ ያሉት ሴሎች ደግሞ በተለይ በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜ እየተለወጡ ነው የሚኖሩት፣ ስለዚህ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። ካንሰሩ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚጀምረው እዚያች ጠባብ ክብ ላይ ነው።

የሚያስጀምረው ደግሞ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ሃራልድ ዙር ሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነው ይሄን ያሳየው፣ ያኔ ብዙዎቹ ምክንያቱ ሌላ ቫይረስ ነው ብለው ሲከራከሩ እሱ አልተቀበለም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከካንሰሩ ናሙና ላይ 16 እና 18 ቁጥር የሚባሉትን የኤችፒቪ ዓይነቶች አገኘ፣ በ2008 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ የሚታወቁት የኤችፒቪ ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ቆዳ ላይ ኪንታሮት ብቻ ያወጣሉ፣ ካንሰር የሚያመጡት ደርዘን ያህል ቢሆኑ ነው፣ 16 እና 18 ብቻቸውን ከ100 የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን ያመጣሉ።

ቫይረሱ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ያመርታል። ኢ6 ያንን ፒ53 ያልነውን ዘበኛ ይዞ ያስፈርሰዋል፣ ኢ7 ደግሞ አርቢ የሚባለውን ሌላ አስቋሚ ከስራ ውጪ ያደርገዋል። ዘበኛ የሌለው ሴል እየተከፈለ ይቀጥላል፣ ስህተቱ አይታረምም፣ ስህተት ላይ ስህተት ይከመራል። ባልቲሞር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 በዚሁ ካንሰር የሞተችው ጥቁር አሜሪካዊት ሄንሪዬታ ላክስ ላይ የነበረው 18 ቁጥር ነው፣ ከእሷ ሳትጠየቅ የተወሰደው ሴል እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች ውስጥ እየተከፈለ አለ፣ ብዙ ክትባትና መድሃኒት የተሰራው በእሱ ላይ ነው፣ ይሄን ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንዲሰማ የምፈልገው። ኤችፒቪ የሚተላለፈው በግብረ ስጋ ግንኙነትና በብልት አካባቢ በሚደረግ የቆዳ ንክኪ ነው፣ እና ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። አንድ ባል ብቻ ያላት ሴት ይይዛታል። ለትዳሯ ታማኝ የሆነች ሴት ይይዛታል፣ ከመጋባታቸው በፊት እሱ ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ምልክት ስለሌለው እሱም አያውቅም። ስለዚህ ይሄ በሽታ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም። "ምን ብታደርግ ነው" እያሉ የሚያንሾካሹኩ ሰዎች ስንት ሴት ከምርመራ እንዳስቀሩ ቢያውቁ ኖሮ ዝም ይሉ ነበር። ደግሞ ከተያዙት ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ላይ ሰውነት ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል፣ ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ይሄዳል። ችግሩ ያለው ሳይጠፋ የቀረባቸው ሴቶች ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ነው ሴሎቹ ቀስ ብለው መለወጥ የሚጀምሩት፣ መጀመሪያ ቀላል ለውጥ፣ ከዚያ ከበድ ያለ፣ ይሄ ገና ካንሰር አይደለም፣ ቅድመ ካንሰር ነው የሚባለው። ከዚያ ወደ ካንሰር ለመድረስ መከላከያዋ ጤነኛ የሆነች ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። አያችሁ፣ ሃያ ዓመት!

የሚያፋጥኑት ነገሮች አሉ። ትልቁ ኤችአይቪ ነው፣ ኤችአይቪ ያለባት ሴት ላይ የማህፀን በር ካንሰር የመያዝ እድሉ 6 እጥፍ ይሆናል፣ ጊዜውም ወደ 5 ወይም 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል፣ በተለይ መድሃኒቷን በአግባቡ ካልወሰደች። ሲጋራ አለ፣ ጭሱ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀርም፣ መርዙ በደም ዞሮ እዚያም ይደርሳል። በለጋ እድሜ ግንኙነት መጀመር አለ፣ እኛ ሀገር ያለ እድሜ ጋብቻ ሲባል ፌስቱላን ነው ቶሎ የምናስበው፣ ግን ያ ገና እየተለወጠ ያለ የልጅ ማህፀን በር ለኤችፒቪም የተጋለጠ ነው። ብዙ ጊዜ መውለድ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ተመርምሮ አለማወቅ ነው። ዘርስ ለምትሉ፣ የጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰር ላይ ብራካ የሚባሉ ከወላጅ የሚወረሱ ጂኖች ትልቅ ሚና አላቸው፣ የማህፀን በር ላይ ግን ዘር ያን ያህል ቦታ የለውም፣ እናቷ በዚህ የሞተች ልጅ "የኔም እጣ ነው" ማለት የለባትም፣ መመርመር ነው ያለባት። ሌሎቹ ካንሰሮችም የየራሳቸው መንስኤ አላቸው፣ ሄፓታይተስ ቢ ጉበት ላይ፣ ኤች ፓይሎሪ የምንለው የጨጓራ ባክቴሪያ ጨጓራ ላይ፣ አልኮል ብዙ ቦታ ላይ፣ ትምባሆ ደግሞ ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከካንሰር ከ30 እስከ 50 በመቶው መከላከል የሚቻል ነው ይላል።

ምርመራው እንዴት ነው የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቹን የሚያስፈራቸው አለማወቁ ነውና። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ላይ ቪአይኤ የሚባለው አለ። ሴትየዋ ልክ ለወሊድ ምርመራ እንደምትተኛው ትተኛለች፣ ባለሙያዋ በመሳሪያ ብልቱን ከፈት አድርጋ የማህፀን በሩን ታያለች፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ በቀላሉ የአቼቶ ዓይነት ማለት ነው፣ በጥጥ ትቀባዋለች። አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጡ ሴሎች ካሉ ቦታው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከሌሉ አይወጣም፣ በቃ። ላቦራቶሪ የለም፣ መርፌ የለም፣ ውጤቱ እዚያው ይነገራታል። ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል፣ ግር ሊል ይችላል፣ ህመም ግን ብዙ የለውም። ነጩ ነገር ከታየና ለዚህ ህክምና የሚሆን ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ (ክራዮ) ወይም በሙቀት ያጠፉታል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ አልጋ መያዝ የለም፣ ማህፀኗ አይወጣም፣ ከዚያ በኋላም መውለድ ትችላለች። ሰፋ ያለ ከሆነ ሊፕ በሚባል መንገድ ጫፉ ላይ ያለው ተቆርጦ ይወጣል። ሃያ ዓመት የሚፈጅ በሽታ በአንድ ጠዋት የሚቆምበት ቦታ እዚህ ነው።

ሀገር ቤት ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፣ ኤችአይቪ ላለባቸው ደግሞ ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ከ25 ዓመት ጀምሮ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ድግግሞሹም ቶሎ ቶሎ ነው። ደህና ናችሁ ተብሎ መመለስ የሕይወት ዘመን ወረቀት አይደለም፣ ሲሏችሁ ተመልሳችሁ መሄድ ነው። አሁን አሁን ራሱን ቫይረሱን የሚፈልግ የኤችፒቪ ምርመራም እየመጣ ነው፣ ሴትየዋ ራሷ ናሙና ልትወስድለት የምትችለው ነው፣ ለምታፍር ሴት ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ከ30 እስከ 65 ዓመት ባለው ጊዜ በየ5 ዓመቱ በኤችፒቪ ወይም በየ3 ዓመቱ በፓፕ (ከማህፀን በሩ የተወሰደ ሴል በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ነው) መመርመር ትችላላችሁ፣ እና እናቶቻችሁን አስቡ፣ በልጅ ጠያቂነት መጥታ ልጅ እየጠበቀች ያለችው እናት ብዙ ጊዜ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም፣ ቋንቋውም ያስፈራታል፣ ይዛችኋት ሂዱ።

ክትባቱ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ሴት ልጆችን በትምህርት ቤት መከተብ ጀመረች። ያኔም አሁንም የሚወራ ወሬ አለ፣ መካን ያደርጋል የሚል። አያደርግም። ክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፣ የቫይረሱ ዲኤንኤም የለም፣ ያለው የቫይረሱ የውጪ ሽፋን ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ሰውነት እሱን አይቶ ይለምዳል፣ እውነተኛው ሲመጣ ያባርረዋል። ለምን በልጅነት ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፣ ክትባቱ የገባን ቫይረስ አያወጣም፣ ከመግባቱ በፊት ነው የሚሰራው። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና 13 ዓመታቸው የተከተቡ ሴቶች ላይ ካንሰሩ በ87 በመቶ ቀንሷል፣ ስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት በዚያ እድሜ ከተከተቡት መካከል አንድም የካንሰር በሽተኛ አላገኘም። አንድም! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለልጆቹ አንድ መርፌ ብቻ ይበቃል ብሏል። ወንድ ልጆችንም የሚከትቡ ሀገሮች አሉ፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ትከትባለች፣ ምክንያቱም ያው ቫይረስ ወንዶች ላይ የጉሮሮ፣ የፊንጢጣና የብልት ካንሰር ያመጣል። የተከተበች ልጅም ካደገች በኋላ ምርመራው አይቀርላትም፣ ክትባቱ ሁሉንም የኤችፒቪ ዓይነት አይሸፍንም።

ይሄ በሽታ ምልክት ማሳየት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ካንሰር ከሆነ በኋላ ነው፣ ቅድመ ካንሰሩ ምልክት የለውም። ከግንኙነት በኋላ ደም ማየት፣ በወር አበባ መሃል ደም ማየት፣ ካረጡ በኋላ ደም ማየት፣ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ገፋ ሲል የወገብና የታችኛው ሆድ ህመም፣ እግር ማበጥ። እናቶቻችን ካረጡ ከስንት ዓመት በኋላ ደም ሲመጣ "ወጣትነቴ ተመለሰ" ብለው ሲያልፉት ይሰማል፣ እባካችሁ ይሄ መቼም ቢሆን ጤና አይደለም፣ በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። እና ምልክት ያላት ሴት ቪአይኤ ብቻ ተሰርቶላት መመለስ የለባትም፣ እሱ ምልክት ለሌላቸው ነው፣ ከእሷ ናሙና (ባዮፕሲ) ተወስዶ በፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ፣ መታየት አለበት።

ናሙና ላይ ደግሞ "ቢላ ከነካው ይሰራጫል" የሚል ፍርሃት አለ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሰው በጣም ዘግይቶ ይሄዳል፣ ያኔ ተሰራጭቷል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ከወር በኋላ ይሞታል፣ ቤተሰብ ናሙናውን ያማርራል። የማህፀን በር ላይ ትንሽ ቁራጭ መውሰድ ግን ካንሰሩን አያሰራጭም፣ ሳይወሰድ ደግሞ ህክምና መጀመር አይቻልም። ጸበል ለምትሄዱም፣ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን ቀጠሮውንና መድሃኒቱን አትተዉ፣ ሁለቱ አይጣሉም፣ እዚያ ስድስት ወር ከርማችሁ ስትመለሱ ደረጃው ይለወጣል።

ደረጃው ደግሞ ሁሉን ነገር ይወስናል። ገና የማህፀን በሩ ላይ ብቻ ከሆነ ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ደረጃ ከተገኘባቸው 10 ሴቶች 9ኙ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ሩቅ አካል ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ከ5 አንዷ ገደማ ናት። መሃል ላይ ያለው፣ ማለትም ወደ ጎን የሰፋው ግን ሩቅ ያልሄደው፣ የሚታከመው በጨረር ሲሆን ከጎኑ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ (የካንሰር ሴል የሚገድል መድሃኒት) በየሳምንቱ ይሰጣል፣ ከዚያ ብራኪ የሚባል ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ይከተላል፣ ይሄ የመጨረሻው ደግሞ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም፣ ያለ እሱ የመዳን እድሉ በጣም ይወርዳል። ችግራችን ማሽኑ ነው። ለብዙ ዓመታት ለመላው ሀገሪቱ የጨረር ህክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከክልል የመጣች እናት አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ወራት ተራ ትጠብቅ ነበር፣ ስትጠብቅ ደረጃው ይጨምራል። በኋላ ጂማን የመሳሰሉ ቦታዎች ተጨምረዋል፣ ግን ከህዝቡ ብዛት ጋር ገና አይመጣጠንም፣ ለዚህ ነው ከህክምናው በላይ ስለ ምርመራና ክትባት የምጮኸው።

ህክምናዋን የጨረሰች ሴት የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ትታያለች፣ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ስለሆነ ነው። ጨረሩ ድካም፣ ተቅማጥ፣ ሽንት ማቃጠል ያመጣል፣ ብልትም ሊጠብና ሊደርቅ ይችላል፣ ይሄን ለሐኪም መናገር ያሳፍራል ግን መፍትሄ አለው፣ ባልም አብሮ ቢሰማ ጥሩ ነው። በመሃል ደም ከታየ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም የወገብ ህመም አልለቅ ካለ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ መሄድ ነው።